የሚፈታውን ማገናኛ አትቋጥሩ!



ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ስለ ውሃ ታንከርም ስለ ጥበቃ ደመወዝም አይደለም። ስለ መስኮት መጋረጃ ነው። አዎ፣ ስለ ብላይንድ። «ጸሐፊው ሥራ ፈታ እንዴ?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ፤ ባለፈው ስብሰባ ነገሩን ሳነሣ ከኋላ ወንበር ሲሳቅ ሰምቻለሁ። ይሳቅ። ከሳቃችሁ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ጉዳዩ የጨርቅ ጉዳይ ሳይሆን የሕፃናት አንገት ጉዳይ ነውና።

እንደሚታወቀው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በየቤታችን የጨርቁ መጋረጃ እየቀረ በሰንሰለት የሚጠቀለለው፣ በገመድ የሚሰበሰበው ብላይንድ ገብቷል። እኔ ብላይንድ አልጠላም። ቦታ አይወስድም፣ ፀሐይ ይከላከላል፣ ፊት ለፊት ብሎክ ላይ ያለው ሰው የምንበላበትን ሳህን አይቆጥርብንም። ጠቤ ከመጋረጃው ጋር አይደለም። ጠቤ ከጎኑ ከሚንጠለጠለው ነገር ጋር ነው፤ ከዚያም ይበልጥ እኛው ራሳችን በዚያ ነገር ላይ ከምንሠራው ሥራ ጋር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚጠቀለለው ብላይንድ በጎኑ እንደ ዶቃ የተሰካካ ሰንሰለት አለው። ሰንሰለቱ ዙሪያውን የገጠመ ቀለበት ነው፤ አንዱን ወገን ስትስቡት መጋረጃው ይወጣል፣ ሌላውን ስትስቡት ይወርዳል። ታዲያ ይህን ቀለበት አንድ ቦታ ላይ የምታገናኝ፣ የጣት ጥፍር የምታክል ፕላስቲክ አለች። የሰንሰለቱ ሁለት ጫፎች በግራና በቀኝ ይገቡባታል። በደንብ በተሠራው ዕቃ ላይ ይቺ ማገናኛ በዘወትር አሳሳብ አትላቀቅም፤ ከበድ ያለ ነገር ሲንጠለጠልባት ግን ቀጭ ብላ ትከፈታለች፤ ቀለበቱም ያን ጊዜ ይፈርስና ተራ የተንጠለጠለ ሰንሰለት ይሆናል። አልተሰበረችም። አልተበላሸችም። በአውራ ጣት ጫን ቢሏት መልሳ ትገጥማለች። የተሠራችውም ለዚሁ ነው፤ እንድትፈታ!

እኛስ ምን እናደርጋለን? በየቤቱ የቆጣሪ ንባብ ስሰበስብ ዓይኔ መስኮቱ ላይ ነው። አንዱ ማገናኛዋን በሽቦ አስሯታል። ሌላው በሱፐር ግሉ አጣብቋታል። ሌላው ፕላስቲኳን ጭራሽ አውጥቶ ጥሎ ሰንሰለቱን በሲባጎ ቋጥሮታል፤ ቋጠሮውም የጎረምሳ ቋጠሮ ነው፣ በሬ አይፈታውም። ለምን ስል መልሱ አንድ ነው፦ «ቶሎ ቶሎ ይፈታብናል፣ የቻይና ዕቃ ነው።» ወገኖቼ፣ የቻይና ይሁን የሌላ አገር፣ ያቺን ማገናኛ የሠራው ሰው ከእናንተ በላይ ለልጃችሁ አስቦ ነበር። እናንተ በሽቦ አስራችሁ ሐሳቡን ሰረዛችሁበት።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት በአንዱ ብሎክ የሆነውን ልንገራችሁ፤ የቤቱን ቁጥር አልጽፍም፣ ባለቤቶቹ ራሳቸውን ያውቃሉ። ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ሶፋ ላይ ቆማ ሰንሰለቱን እንደ ሐብል አንገቷ ውስጥ አስገብታ ተንሸራተተች። ማገናኛው ተፈታ። ልጅቱ ወለል ላይ ወድቃ አለቀሰች፤ ሌላ ምንም አልሆነችም። እናትየዋ ግን ስታገኘኝ የነገረችኝ እንዴት መሰላችሁ? «ጋሼ፣ ያ መጋረጃ ሻጭ አታለለን፤ ሕፃን ስትነካው የሚላቀቅ ሰንሰለት ሰጥቶን እኮ ነው» ብላ ነው። ማታ አባትየው ከሥራ ሲመለስ በፒንሳና በሽቦ አጠበቀው። ልጅን ያተረፈ ነገር በማግስቱ እንደ ጥፋተኛ ታሰረ ማለት ነው። ሄጄ ለመንኳቸው፤ ሽቦው ተፈቷል፤ ተመስገን።

«አንድ ሰንሰለት ሕፃን ይገድላል?» የሚለኝ አለ። ይገድላል። ሕፃን እስከ ሦስት ዓመት ገደማ ድረስ ጭንቅላቱ ከሌላ ሰውነቱ ጋር ሲመዘን ከባድ ነው፤ አንዴ አንገቱ ከገባ ራሱን ቀና አድርጎ ለማውጣት ጉልበት የለውም። የአየር ቧንቧውም ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይታፈናል። ደግሞ እግሩ ከመሬት መነሣት የለበትም፤ ተንበርክኮም፣ ጋደም ብሎም ይታነቃል። በ15 ሴኮንድ ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል፤ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ነፍሱ ልታልፍ ትችላለች። ከሁሉ የሚከፋው ድምፅ የለውም። ጉሮሮው የተያዘ ልጅ አይጮህም። እናት ወጥ ቤት ሆና «ዛሬስ ዝም ብሎ ይጫወታል» ትላለች።

ስለዚህ «ልጅን መጠበቅ ነው እንጂ መጋረጃ ምን አገባው» የምትሉት ነገር አይሠራም። ማነው 15 ሴኮንድ ዓይኑን ከልጁ ላይ ሳይነቅል የሚውለው? ቡና ሲፈላ፣ በር ሲንኳኳ፣ ስልክ ሲጠራ 15 ሴኮንድ የት ነች? ደግሞ አደጋው የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ መኝታ ቤት ውስጥ፣ ልጁ ተኝቷል ተብሎ በተተወበት ሰዓት ነው። የልጅ አልጋ መስኮት ሥር የዘረጋችሁ፣ ይህን እንዳነበባችሁ ቤት ገብታችሁ አልጋውን አንሡ። ጽሑፉን በኋላ ተመልሳችሁ ትጨርሱታላችሁ።

ይህ የእኔ የፈጠራ ወሬ እንዳይመስላችሁ፣ ከሌላ አገር ያለውንም ልጥቀስ። በአሜሪካ የሸማቾች ዕቃዎችን ደኅንነት የሚቆጣጠረው ኮሚሽን እንደገለጸው በመጋረጃ ገመድ ታንቀው የሚሞቱ ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት በአማካይ በዓመት 9 ያህል ናቸው። እዚያ አገር ነገሩ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 ፋብሪካዎቹ የመሳቢያ ገመዱን ጫፍ በቀለበት መግጠም ትተው ለየብቻ አደረጉት። አልበቃም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 ሃምሳ ሚሊዮን ያህል መጋረጃ እንዲስተካከል ጥሪ ተደረገ፤ ሃምሳ ሚሊዮን! እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ተሠርቶ በመደብር የሚሸጠው ብላይንድ ገመዱ ጭራሽ እንዳይኖር፣ ወይም ሕፃን እንዳይደርስበት የሚል ደረጃ ወጣ። አውሮፓም እ.ኤ.አ. በ2014 ደረጃውን አጠበቀ፤ የሚፈታ ማገናኛ ከሆነ 6 ኪሎ ሲንጠለጠልበት በ5 ሴኮንድ ውስጥ መላቀቅ አለበት ይላል። ስድስት ኪሎ ማለት ገና ያልዳኸ ሕፃን ክብደት ነው። እነሱ ይህን ሁሉ የደነገጉት መጋረጃ አጥተው አይደለም፤ ልጅ ቀብረው ነው።

እኛ ዘንድ ግን ሰው ወደ ገበያ ሄዶ ልኩን ይሰጣል፣ ቀለም ይመርጣል፣ በዋጋ ይከራከራል፤ አለቀ። ሻጩ በልክ ቆርጦ ሲገጥም ከዕቃው ጋር የመጣችው ትንሽ ከረጢት ሱቅ ትቀራለች፤ ገጣሚው ቢያመጣትም «ይኼ አያስፈልግም» ብሎ መስኮቱ ደፍ ላይ ይጥላታል። በዚያች ከረጢት ውስጥ ያለው እኮ ዋናው ነገር ነው። ሰንሰለቱን ከታች በኩል ወጥሮ ከግድግዳ ጋር የሚይዘው መያዣ እዚያ ውስጥ ነው። ሰንሰለት ከተወጠረና ከግድግዳ ከተያዘ የሕፃን ጭንቅላት የሚገባበት ክፍተት የለውም። ገመድ ላለው ብላይንድ ደግሞ ገመዱ ስምንት ቁጥር እየተሠራ የሚጠቀለልበት ባለ ሁለት ቀንድ መስቀያ አለ፤ እሱ ከወለል ቢያንስ 1 ሜትር ከ50 ይመታል። ከሥሩ ሶፋ ወይም ወንበር ካስቀመጣችሁ ግን ከፍታው ከንቱ ነው፤ ልጅ መውጣት ከእኛ በላይ ያውቃል።

ገጣሚዎችንም በዚሁ አጋጣሚ ልንካቸው። ግድግዳችን ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ክፍት። አጭር ፊሸር ልስኑ ላይ ብቻ ሰክቶ መያዣውን የሚያስር ሰው መያዣውን አላሰረም፤ ለሳምንት አበድሮናል። ከዚያ መያዣው ይነቀላል፣ ሰንሰለቱ ተመልሶ ይንጠለጠላል፣ ባለቤቱም ተናዶ ይጥለዋል። ለክፍት ብሎኬት የሚሆን ፊሸር አለ፤ ገጣሚውን ጠይቁ፣ ካላወቀ አታስገቡት። ወይም የመስኮቱ ፍሬም ላይ ይሰር። ድሪል የያዘ ሁሉ ገጣሚ አይደለም።

አሁን «ቶሎ ቶሎ ይፈታል» ወደሚለው እንመለስ፤ እውነት አለበትና። ይፈታል። ግን የሚፈታው ብዙውን ጊዜ በእኛ አሳሳብ ነው። ሰንሰለቱን ወደ ጎን ወይም ወደ ራሳችን ጎትተን ስንስብ ማገናኛዋ ትጣመማለች። ወይም መጋረጃው ጫፍ ደርሶ እያለ አሁንም እንስባለን፤ ማገናኛዋ ላይ ካለው ጥርስ ያለው መዘውር ጋር ትጋጭና ትላቀቃለች። ለዚህ መድኃኒቱ ሽቦ አይደለም። ሰንሰለቱ ላይ የምትቆነጠጥ ማቆሚያ ፍሬ አለች፤ ማገናኛዋ መዘውሩ ጋ ሳትደርስ ሰንሰለቱን ታቆመዋለች። ዋጋዋ ከመጋረጃው ዋጋ ጋር የሚነገር አይደለም። ቀጥ አድርጎ ወደ ታች መሳብ ደግሞ በነጻ ነው። ያረጀች፣ አፏ የላላ ማገናኛ ከሆነች በሌላ የምትፈታ ማገናኛ ትተካ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሁሉም ማገናኛ የሚፈታ አይደለም። ድርቅ ያለው፣ ጨርሶ የማይላቀቀው ዓይነትም ይሸጣል፤ ሁለቱ ሲያዩአቸው መንታ ይመስላሉ። ስለዚህ ዓይናችሁን አትመኑ። ሰንሰለቱን ከማገናኛው ግራና ቀኝ በሁለት እጅ ይዛችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡት። ካልተፈታ አይሆንም። ከላይ ያለውን መያዣ አትሳቡት፤ መጋረጃው ራሳችሁ ላይ ይወርድና በእኔ ታመካኛላችሁ።

አሁን ወደ ማኅበሩ ጉዳይ። የጋራ መገልገያ ቤታችን መስኮቶች ብላይንድ ሊለብሱ ነው። በዚያ ቤት ከሰኞ እስከ ዓርብ የመንደራችን ሕፃናት ይውላሉ። ሁለት የዋጋ ማቅረቢያ ቀርቧል። አንደኛው ረከስ ያለ ነው፤ በማይፈታ ማገናኛ የተገጠመ ረጅም ሰንሰለት አለው፣ የግድግዳ መያዣ አያካትትም። ሁለተኛው ወደድ ይላል፤ ሰንሰለትም ገመድም የለውም፣ ከታች ያለውን ዘንግ ይዞ በእጅ ከፍና ዝቅ የሚደረግ ነው። አንዳንድ የኮሚቴ አባላት «ርካሹን ገዝተን ሰንሰለቱን ወደ ላይ ጠቅልለን በምስማር እንሰቅለዋለን» ይላሉ። ማን ነው ሁልጊዜ የሚሰቅለው? ጠዋት የሚከፍተው ጥበቃ፣ ማታ የሚያጸዱት እናት፣ በመሐል ለሠርግና ለለቅሶ ቤቱን የሚከራይ እንግዳ፤ ሁሉም ሰቅለው ይሄዳሉ? በሰው ማስታወስ ላይ የተንጠለጠለ ጥንቃቄ ሦስት ቀን አይቆይም። እኔ ድምፄን ለሁለተኛው እሰጣለሁ፤ ርካሹ ከተመረጠም ያልፈረምኩበት መሆኑ በቃለ ጉባኤው ይጻፍልኝ። «ገንዘብ የለንም» ለሚሉት ደግሞ፣ ለበር ቀለም ገንዘብ ተገኝቶ ነበር፤ ቀለሙ ያምራል፣ አልነቅፍም፣ ግን በር ተቀብቶ መስኮት ሲረሳ ዝም አልልም።

ስለ ተከራዮች አንድ ቃል። ተከራይ ሲለቅ መጋረጃውን ነቅሎ ይሄዳል፣ የራሱ ነውና አይከለከልም። ግን የግድግዳ መያዣውን ትቶ ሰንሰለቱን ብቻ የሚወስድ፣ በሚቀጥለው ቤት ያለ መያዣ እያንጠለጠለው ነው። ሁለት ብሎን ነው፤ ፈታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። አከራዮችም «ግድግዳዬን አትብሱብኝ» የምትሉ፣ መያዣ የምታስገባ ቀዳዳ በጂፕሰም ትደፈናለች። ልጅ ላለው ተከራይ ይህን መከልከል ነውር ነው፤ ከዚህ የለዘበ ቃል የለኝም።

በገመድ የሚሰበሰበው ብላይንድ ላይ ደግሞ ሌላ ሰበብ አለ፤ የመሳቢያውን ብቻ አስተካክሎ ከጀርባ በኩል ያለውን መርሳት። ከጀርባ የሚያልፉት ገመዶችም በእጅ ሲሳቡ ቀለበት ይሠራሉ፣ ሕፃን ከመጋረጃውና ከመስታወቱ መሐል ገብቶ ሲጫወት ይያዝበታል። ይህን ዓይነት ያላችሁ፣ ሕፃን በሚያድርበት ክፍል አውርዳችሁ የጥንቱን ጨርቅ መጋረጃ ስቀሉ። ጨርቁ አያሳፍርም። እናቶቻችን በእሱ አሳድገውናል።

ውሳኔው የሚሰጠው በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ በ4 ሰዓት፣ በጋራ መገልገያ ቤቱ በሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ሙስሊም ወንድሞችና እኅቶችም ሰዓቱ እንዲመቻችሁ ታስቦ ነው፤ ቅሩ የሚል የለም። ድምፅ የሚሰጡት አባላት ቢሆኑም ሕፃን ያላቸው ተከራዮች መጥተው ይናገሩ፤ ወንበር ይያዝላችኋል።

ከስብሰባው በኋላ ማገናኛቸውን በሽቦ ያሰሩ ቤቶችን እየዞርን እንፈታለን። ከአምስተኛው ብሎክ አንድ የእንጨት ሠራተኛ ወንድማችን በነጻ ሊረዳን ቃል ገብቷል። ሁለት ድሪል አለን፣ የብሎኬት ፊሸር ማኅበሩ ይገዛል። ፒንሳና መሰላል የጎደለን ነው፤ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። መሰላሉን ከወሰዳችሁት ዓመት ያለፋችሁ የሦስተኛ ብሎክ ሰዎችም፣ የማኅበሩ መሆኑን አስታውሳችሁ መልሱ።

የማኅበሩ ጸሐፊ