ከሰርጓጅ መርከብ እስከ ደንገጎ ዳገት፦ የጉዞ ሕመም ለምን አይጠናም?

ሐርላ በምሁራን ዘንድ የምትታወቀው በመካከለኛው ዘመን የንግድ ማእከልነቷ ነው። በቲሞቲ ኢንሶል የተመራው የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ያወጣቸው የባሕር ዛጎሎች፣ የብርጭቆ ዶቃዎችና ከውጭ የመጡ የሸክላ ስብርባሪዎች አካባቢው ከባሕር ማዶ ጋር የነበረውን ትስስር ይመሰክራሉ። ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ የሚወጣው የዛሬው መንገድ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ ከባሕር ርቆ የሚኖር ሰው ባሕርተኛን የሚያጠቃው ሕመም የሚይዘው ለምንድን ነው?

መንገዱ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ከ1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ተነሥቶ፣ እየተጠማዘዘ 2,000 ሜትርን ያልፋል። በእንዲህ ያለ ዳገት ላይ ሎሚ የሚያሸት ተሳፋሪና ፌስታል የሚያቀብል ረዳት እንግዳ አይደሉም። የታመመውን ሰው «መኪና አይስማማውም» ማለት የተለመደ ነው። አባባሉ ግን ጥፋቱን በሙሉ በተሳፋሪው ተፈጥሮ ላይ ይጥላል፤ ተሽከርካሪውን፣ አነዳዱንና የመቀመጫውን ቦታ ከተጠያቂነት ነጻ ያወጣል። ይህ አመለካከት ሊታረም ይገባል።

የጉዞ ሕመም ዋነኛ ማብራሪያ የስሜት ሕዋሳት አለመጣጣም ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን አካል እንቅስቃሴን ሲመዘግብ ዐይን የማይንቀሳቀስ ግድግዳ ካየ፣ አእምሮ ሁለቱን ማስታረቅ ይሳነውና ማጥወልወል ይከተላል። የሚዛን አካላቸው ፈጽሞ የማይሠራ ሰዎች በዚህ ሕመም አለመያዛቸው ማብራሪያውን ያጠናክራል።

ሰርጓጅ መርከብ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የማዕበል እንቅስቃሴ ከጥልቀት ጋር በፍጥነት ይከስማል፤ የሞገዱን ርዝመት ግማሽ ያህል ሲወረድ ከውኃው ገጽ እንቅስቃሴ የሚቀረው ከ5 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ በጥልቁ የሚጓዝ ባሕርተኛ ጸጥታ ያገኛል። መርከቡ በማዕበል ጊዜ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ድቡልቡል አካሉ በቀላሉ ወዲያና ወዲህ ይንከባለላል፤ መስኮት በሌለው ክፍል የተቀመጠው ባሕርተኛም አድማስን ስለማያይ ለሕመም ይጋለጣል። ሰውየው ያው ነው፤ የተለወጠው እንቅስቃሴው ነው።

መጋረጃው የተዘጋ አውቶቡስ የኋላ ወንበር ከዚያ ክፍል ብዙ አይለይም። ተርነርና ግሪፊን በብሪታንያ ከ3,000 በላይ የአውቶቡስ ተሳፋሪዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት፣ ከፊት ያለውን መንገድ በሚገባ የማያዩ መንገደኞች ይበልጥ እንደሚታመሙ አሳይቷል። ሾፌሩ በአንጻሩ የሚመጣውን ጥምዝ አስቀድሞ ስለሚያውቅ እምብዛም አይታመምም። «ንፋስ ይመታኛል» ተብሎ መስኮት ሲዘጋ ደግሞ የነዳጅ ሽታና ሙቀት ይታከልበታል።

ወባና የደንጊ ትኩሳት በሚያሰጉት ከተማ ይህን ማጥናት ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ሆኖም ሕመሙ ይበልጥ የሚበረታው በሕፃናትና በነፍሰ ጡሮች ላይ ነው፤ የሚያስመልሰው በሽተኛ የዋጠውን መድኃኒት ሊያጣ ይችላል፤ የጉዞው ፍርሃትም የሐኪም ቀጠሮን ሊያስቀር ይችላል። እንደ ፕሮሜታዚን ያሉት መድኃኒቶች እንቅልፍ ስለሚያመጡ ለሁሉም መፍትሔ አይሆኑም።

ጥናቱ ደግሞ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የስልክ የፍጥነት ለውጥ መለኪያና አጭር መጠይቅ ለመነሻ ይበቃሉ። የድሬዳዋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በዚሁ መንገድ ላይ የፊትና የኋላ ወንበርን፣ ዝግተኛና ፈጣን አነዳድን፣ የተከፈተና የተዘጋ መጋረጃን ማነጻጸር ይችላሉ፤ የሎሚውም ጥቅም በዚያው ሊፈተን ይችላል። ውጤቱ የአነዳድ ሥልጠናን ወይም የወንበር አሰጣጥን ቢያሻሽል፣ ዳገቱን በሕመም የሚወጣው መንገደኛ «አይስማማውም» ከሚል ፍርድ ይልቅ ተጨባጭ እርዳታ ያገኛል።