ለመኪና ባለቤቶች አቤቱታ የሚገባው መልስ

ከሰው እጅ የወጣ ሥራ ሁሉ ጉድለት አያጣውም። ግንበኛው ግንቡ ሲያዘነብልበት፥ ጸሐፊው ፊደል ሲስትበት፥ ሸማኔው ድሩ ሲበጠስበት ዕለት ዕለት የሚታይ ነው። ስለዚህ በሥራው ላይ ጉድለት የተገኘበት ሰው ሁሉ በደለኛ ነው ተብሎ አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ጉድለቱ ከተነገረው በኋላ ሰምቶ እንዳልሰማ የሚሆን ሰው ነገሩ ልዩ ነው። ኦሪት ዘጸአት በ21ኛው ምዕራፍ ስለ ተዋጊ በሬ የሚፈርደው ፍርድ ይህንን ልዩነት አስቀድሞ አመልክቷል፤ በሬው ድንገት ሰው ወግቶ የገደለ እንደ ሆነ በሬው ይወገራል እንጂ ባለቤቱ ንጹሕ ነው፤ ተዋጊነቱ ከዚያ በፊት ታውቆ ለባለቤቱ ተነግሮት ሳለ ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው የገደለ እንደ ሆነ ግን ፍርዱ ወደ ባለቤቱ ይሻገራል። በሬው ያው በሬ ነው፤ የፍርዱን ሚዛን ያጋደለው ለባለቤቱ መነገሩ ነው።

ይህ ፍርድ በዛሬው ዘመን ለመኪና እንዴት እንደሚሠራ ለመመልከት በአሜሪካ አገር በጂፕ መኪናዎች ምክንያት የተነሣው ክርክር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። (ከዚህ በታች የአሜሪካው ነገር የሚነገርበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ጂፕ የሚባለው መኪና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በዓለሙ ሁሉ የታወቀ፥ ጭቃና ድንጋይ፥ ዐቀበትና ቍልቍለት የማይበግረው የመስክ መኪና ነው። በኋላ ዘመን የፋብሪካው ባለቤት የሆነው የክራይስለር ኩባንያ ግራንድ ቼሮኪ የተባለውን ከ1993 ሞዴል ጀምሮ፥ ሊበርቲ የተባለውን ደግሞ ከ2002 ሞዴል ጀምሮ ለገበያ አቀረበ። እነዚህን መኪናዎች የገዛው ሰው ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስ፥ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ገጠር የሚሄድ ሰላማዊ ሰው ነበረ፤ መኪናውንም የመረጠው ጠንካራ ነው ብሎ አምኖ ነው።

ነገር ግን እስከ 2004 በተሠራው ግራንድ ቼሮኪና እስከ 2007 በተሠራው ሊበርቲ ላይ የቤንዚኑ ጋን የተቀመጠው ከኋላው አክስል በስተኋላ፥ በአክስሉና በኋላው መከላከያ መካከል ነበረ። እንዲህ ሆኖ የተሠራ መኪና ከኋላው በሌላ መኪና ሲመታ ጋኑ መኻል ገብቶ ይጨፈለቃል፤ ቤንዚኑ ይፈሳል፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ትበቃለች። በግጭቱ ብቻ የማይሞት ሰው በእሳቱ ይሞታል፤ በሩ ተጣሞ አልከፈት ያለውማ እንደ ምን ይወጣል? ኩባንያው ራሱ በ2005 የግራንድ ቼሮኪ ሞዴል ላይ ጋኑን ከአክስሉ ወደ ፊት አዛውሮታል። አዲሱን ማሻሻሉ የሚመሰገን ነው፤ ሆኖም አሮጌዎቹ በሕዝብ እጅ፥ በመንገድ ላይ፥ እንደ ነበሩ ቀሩ።

በአሜሪካ አገር በ1966 በወጣው ሕግ መሠረት የመኪና ደኅንነት ጉድለት ሲገኝ ኩባንያው የሸጣቸውን መኪናዎች መልሶ ጠርቶ ያለ ዋጋ ሊጠግን ይገደዳል። ይህንንም የሚቈጣጠር ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አለ፤ ማንም የመኪና ባለቤት ጠበቃ ሳይዝ፥ ገንዘብም ሳይከፍል ለዚህ መሥሪያ ቤት አቤቱታውን ማቅረብ ይችላል። በጂፖቹ ነገር የአውቶሞቢል ደኅንነት ማእከል የተባለ ማኅበር በ2009 ምርመራ እንዲከፈት ለመሥሪያ ቤቱ አመለከተ። ምርመራው በ2010 ተከፈተ፤ በ2012 ወደ ጥልቅ የምህንድስና ምርመራ ተሻገረ። መሥሪያ ቤቱም በሰኔ ወር 2013 2 ሚሊዮን 700 ሺሕ ያህል መኪናዎች ተጠርተው እንዲጠገኑ ለኩባንያው ደብዳቤ ጻፈ፤ ከኋላ በመመታትና በእሳት ምክንያት 51 ሰዎች መሞታቸውንም አስታወቀ።

ክራይስለር በመጀመሪያ እንቢ አለ። የሰጠውም መልስ ፈጽሞ ከንቱ ነው ሊባል አይቻልም፤ መኪናዎቹ በተሠሩበት ዘመን የነበረውን የመንግሥት ደንብ ሁሉ ያሟሉ ናቸው፥ በዚያው ዘመን ከተሠሩት ከሌሎች ኩባንያዎች መኪናዎች የባሰ አደጋ አላደረሱም የሚል ነበረ። በእርግጥም የዚያን ጊዜው ደንብ ከኋላ የሚደረገውን የግጭት ፈተና የወሰነው በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ነበረ። ዳሩ ግን የደንቡ ልክ ትንሽ መሆኑን መንግሥት ተረድቶ በ2003 ፈተናው ለወደፊት በ80 ኪሎ ሜትር እንዲሆን አዝዟል። እንግዴህ ደንብ ማለት መኪና ከዚህ ያነሰ እንዳይሆን የተሰመረ ዝቅተኛ መሥመር ነው። ሠሪው በደንቡ ያልተጻፈ አደጋ መኖሩን በሥራው ካወቀ በኋላ፥ ደንቡን አሟልቻለሁ ማለቱ ለዳኛ የሚቀርብ መከራከሪያ ይሆን ይሆናል፤ መኪናው ለተቃጠለበት ሰው ግን መልስ አይሆንም።

ከጥቂት ቀን በኋላ የኩባንያው ዋና አስተዳዳሪ ሰርጆ ማርኪዮኔ ከመንግሥት ባለ ሥልጣኖች ጋራ ተነጋግሮ፥ በዚያው በሰኔ ወር ኩባንያው 1 ሚሊዮን 560 ሺሕ ያህል መኪናዎችን ለመጥራት ተስማማ። ከ1999 እስከ 2004 የተሠራው ግራንድ ቼሮኪ ግን ከዚህ ጥሪ ውጭ ሆነ። ጥገናው ምን ነበረ? ጋኑን ማዛወር አልነበረም፤ በመኪናው ኋላ የተሳቢ መጎተቻ ብረት መግጠም ነው። ይህ ብረት ጀልባና ጋሪ ለመጎተት የተሠራ ሲሆን በዝግታና በመካከለኛ ፍጥነት በሚደርሰው ግጭት ጥቂት መከታ እንዲሆን ታስቦ ነው። መሥሪያ ቤቱ አስፈትኖ ተቀበለው፤ በብርቱ ፍጥነት ለሚደርሰው ግጭት ግን መድኃኒት ነው ያለ የለም። ግማሽ መድኃኒትም ቢሆን ካለመኖር ይሻላል ብሎ የሚከራከር ይኖራል፤ እውነትም ነው፥ መድኃኒቱ በጊዜው ለበሽተኛው የደረሰ እንደ ሆነ።

እርሱ ግን አልደረሰም። ስምምነቱ በሰኔ 2013 ተደርጎ ጥገናው የተጀመረው በነሐሴ ወር 2014 ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ባለቤቶቹ መኪናቸው በእሳት የሚያሰጋ መሆኑን እያወቁ፥ ሌላ መኪና የሚገዙበት ገንዘብ የሌላቸውም ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ ልጆቻቸውን በዚያው መኪና ሲያመላልሱ ከረሙ። ጥሪው ከታወቀ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ እንኳ የተጠገኑት መኪናዎች ከመቶ አምስት አይሞሉም ነበር። ሰውን አደጋ ላይ ነህ ብሎ ካስታወቁ በኋላ መዳኛውን አለመስጠት፥ ጭንቀትን ጨምሮለት መሄድ ነው፤ ከዝምታውም የሚሻልበትን መንገድ ማግኘት ያስቸግራል።

በዚሁ መካከል በ2012 በጆርጂያ ክፍለ ሀገር የ1999 ሞዴል ግራንድ ቼሮኪ ከኋላው ተመትቶ በእሳት ሲያያዝ በውስጡ የነበረ የአራት ዓመት ሕፃን ሞተ። ዳኝነት የተቀመጡት የሕዝብ ሽማግሌዎች በ2015 ከጥፋቱ ከመቶ 99 እጅ በኩባንያው ላይ ጥለው 150 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረዱ፤ ዳኛው በኋላ ወደ 40 ሚሊዮን ዝቅ አደረገው፤ የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2018 አጸናው። ሕፃኑ የነበረበት መኪና ከጥሪው ውጭ ከቀሩት ሞዴሎች አንዱ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

የደኅንነቱ መሥሪያ ቤት በሐምሌ ወር 2015 ኩባንያውን በአደባባይ አቁሞ ስለ 23 ጥሪዎች ጠየቀው፤ ነገሩም ከ11 ሚሊዮን የሚበልጡ መኪናዎችን የሚነካ ነበረ። የተገኘው ጥፋት ለባለቤቶች በጊዜው አለማስታወቅ፥ የማይጠቅም ጥገና ማድረግና ለመንግሥት የሚገባውን ወሬ ማዘግየት ነው። ኩባንያው 105 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተቀበለ፤ ሥራውን ሦስት ዓመት የሚከታተል ገለልተኛ ተቈጣጣሪ ተሾመበት፤ የጂፖቹም ባለቤቶች መኪናቸውን ከገበያው ዋጋ ከፍ ባለ ዋጋ በሌላ መኪና እንዲለውጡ ተፈቀደላቸው። ማኅበሩ ካመለከተበት ከ2009 እስከዚህ ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሕግና መሥሪያ ቤት፥ መሐንዲስና ገንዘብ በሞላበት አገር ይህን ያህል ከዘገየ፥ አቤቱታ የሚጻፍበት መዝገብ እንኳ በሌለበት ስፍራ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

አንዳንድ ሰዎች የመኪና ባለቤት ሁሉ አቤቱታ ከተሰማ ፋብሪካ አይቆምም ይላሉ። አቤቱታ ሁሉ እውነት አለመሆኑ የታወቀ ነው፤ በ1980ዎቹ ዓመታት አውዲ 5000 የተባለው መኪና በገዛ ራሱ ይፈተለካል ተብሎ ብዙ ሰው ጮኸ፤ መሥሪያ ቤቱ መርምሮ በ1989 ሲያስታውቅ አብዛኛው ነገር ነጂው ፍሬን መስሎት የቤንዚኑን መርገጫ በመርገጡ የደረሰ ሆኖ ተገኘ። ይህ ግን አቤቱታ አይሰማ ለማለት ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ኩባንያው ነጻ የወጣው አቤቱታው ተሰምቶ ስለ ተመረመረ ነውና። አንድ ሰው ብቻውን ሲናገር ነገሩ ወሬ ሊሆን ይችላል፤ በማይተዋወቁ ከተሞች ያሉ አሥር ሰዎች ስለ አንድ ሞዴል አንድ ዐይነት ነገር ሲናገሩ ግን ምስክርነት ነው፤ አሥሩ በአንድ መዝገብ ካልተገናኙ ሁሉም ወሬ ሆነው ይቀራሉ።

ይህ ነገር ኢትዮጵያን የሚነካት በሁለት መንገድ ነው። ፊተኛው፥ ወደ አገሩ ከገቡት መኪናዎች ብዙዎቹ በሌላ አገር አገልግለው የመጡ መሆናቸው ነው። የአሜሪካው ኩባንያ የጥሪ ደብዳቤ የሚልከው በዚያው አገር በመዝገብ ለተጻፈው ባለቤት ነው፤ መኪናው ባሕር ተሻግሮ ሦስተኛና አራተኛ እጅ ከገባ በኋላ ደብዳቤው አይከተለውም። በአሜሪካም እንኳ አዲስ መኪና ሳይጠገን እንዳይሸጥ የፌዴራሉ ሕግ ሲከለክል አሮጌውን አይከለክልም። ሆኖም ከ2014 ወዲህ ኩባንያዎቹ በሻንሲ ቁጥር እየታየ ያልተጠገነ ጥሪ ያለበትና የሌለበት መኪና እንዲለይ በነጻ የሚገልጽ መዝገብ እንዲያቀርቡ ግዴታ ሆኖባቸዋል። ከዚያ አገር ለመጣ መኪና ሊብሬ ከመሰጠቱ በፊት ይህን ቁጥር መመልከት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። በኢትዮጵያ ብዙዎቹ የመስክ መኪናዎች የመሥሪያ ቤቶች ንብረት ናቸው፤ ሐኪሙን ወደ ቆላ፥ መሐንዲሱን ወደ ድልድዩ፥ ካህናቱንም አንዳንድ ጊዜ ወደ ሩቅ ደብር የሚያደርሱ እነርሱ ናቸው። ሾፌሩ ፍሬኑ ወደ አንድ ወገን ይስባል፥ መሪው በኮረኮንች ላይ ይንቀጠቀጣል ብሎ ለስምሪት ኀላፊው ይነግራል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ ለዛሬ ሂድበት፥ ስትመለስ ጋራዥ ይገባል የሚል ነው። ጋራዥ ሲገባም ሒሳቡ ተከፍሎ፥ ደረሰኙ ተያይዞ፥ መኪናው ያንኑ ጉድለት ይዞ የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ በወረቀት ተጠግኗልና ዳግመኛ የሚናገረው ሾፌር ነገረኛ ይባላል። የቦሎ ጊዜ ሲደርስ መኪናው በዓመት አንድ ቀን ተመርምሮ ያልፋል፤ ሾፌሩ ግን በዓመት ሦስት መቶ ቀን ይመረምረዋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በደንብ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን በአንቀጽ 2085 ይናገራል፤ ይህም ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል እንደ ሆነ ይቀራል። በአንቀጽ 2081 ደግሞ መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኀላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ ሾፌሩ የተናገረውን ሰምቶ መኪናውን ወደ መንገድ የሚመልስ ሹም፥ በኦሪቱ ፍርድ በሬው ተዋጊ መሆኑ የተነገረው ባለቤት በቆመበት ስፍራ ቆሟል፤ ጉድለቱን ፋብሪካው ያመጣው ነው ብሎም አያመልጥም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ወጪ አይደለም። ከእያንዳንዱ የመንግሥት መኪና ጋራ ሾፌሩ ቀኑን፥ ጉድለቱንና የነገረውን ሹም ስም የሚጽፍበት ደብተር ይኑር፤ ከጋራዥ ሲወጣም ያው ሾፌር በዚያው በተቸገረበት ዐይነት መንገድ ነድቶ ፊርማውን ሳያኖር ሒሳቡ አይከፈል። የእነዚህ ደብተሮች ግልባጭ በየሩብ ዓመቱ ወደ ትራንስፖርት ባለ ሥልጣኖች ቢሰበሰብ፥ በጎንደርና በጅማ፥ በድሬዳዋና በመቀሌ ስለ አንድ ሞዴል የተጻፈው አንድ ዐይነት ቃል በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛል፤ ለአስመጪውና ለፋብሪካው የሚጻፈው ደብዳቤም በዚያን ጊዜ ማስረጃውን ይዞ ይሄዳል።