ከበሮ በሰው እጅ

ነገሩ የተጀመረው በቡና ላይ ነው። የታናሽ ወንድሜ የመሄጃ ቀን ተቆርጦ፣ ቤተ ዘመድ እናታችን ቤት ተሰብስቦ፣ ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ ሳለ አንድ አጎታችን ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ «ለመሆኑ ይኼ ልጅ አሜሪካ ሄዶ የሚማረው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ ጸጥ አለ። ወንድሜ ራሱ መለሰ።

«ድራም ነው፣ ጋሼ።»

«ምን?»

«ድራም። ከበሮ እንደ ማለት።»

አጎታችን ስኒያቸውን መሬት አስቀመጡ። «አክስትህ በሰው አገር በሽተኛ እያገላበጠች ያጠራቀመችውን ዶላር ለከበሮ? ከበሮማ እዚሁ ሰፈራችን ደብር ይመታ የለም እንዴ!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ወንድሜም አብሮ ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

እውነቱን ልናገርና፣ ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርኩ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንትም ለብቻው ጠርቼ «የሂሳብ ሥራ ተማርና ድራሙን ለቅዳሜና እሑድ አድርገው» ብዬ መክሬዋለሁ። እኔ ራሴ ጋዜጠኝነት በዲፕሎማ ስማር «ወሬ ለማውራት ደግሞ ትምህርት ቤት ይገባል?» ብለው የተሳለቁብኝን ሰዎች ረስቼ ማለት ነው። ሰው የተሳቀበትን ቶሎ ይረሳል፤ በሌላው ላይ መሳቅ ግን አይጠፋበትም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው የዚያን ቀን ሳቄን ለመመለስ ነው። ከእኔ ጋር የሳቃችሁ፣ ዛሬም የምትስቁ፣ እስቲ አንድ በአንድ እንነጋገር።

አበው «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ብለዋል። ይህን ተረት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ስለ ሹመት እንተርተዋለን፣ ስለ ንግድ እንተርተዋለን፣ ስለ ትዳር እንተርተዋለን። ስለ ከበሮ ግን አናምነውም! ተረቱ ከመነሻው የሚናገረው ስለ መሣሪያው እንደሆነ፣ ከበሮ ከሩቅ ቀላል፣ ከእጅ ሲገባ ግን ከባድ መሆኑን፣ ይህንንም ያወቁት የያዙት ሰዎች መሆናቸውን ዘንግተነዋል።

የመጀመሪያዎቹ ተቃዋሚዎቼ «ከበሮ ትምህርት አይፈልግም» የሚሉት ናቸው። ለእነዚህ መልሱን ቦስተንና ለንደን ድረስ ሄጄ አልፈልግም፤ ጎንደር ይበቃኛል። አጎታችን የጠቀሱት የደብሩ ከበሮ ለመሆኑ በማን እጅ ነው የሚመታው? የቆሎ ተማሪው ቁራሽ እየለመነ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ ከንባብ ወደ ዳዊት፣ ከዳዊት ወደ ጾመ ድጓ፣ ከዚያም ወደ ድጓ እያለ ዓመታት ይፈጃል። አቋቋም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ የራሱ ጉባኤ ቤት አለው። የጎንደር በአታ በዚህ ትምህርት ስሟ የተጠራ ነው። ቁም ዜማው ሌላ፣ በመቋሚያ የሚዘመመው ዝማሜ ሌላ፣ በከበሮ የሚመረገደው መረግድ ሌላ፣ ምቱና ጭብጨባው የሚፈጥንበት ጽፋት ደግሞ ሌላ ነው። ዜማውን ሳያውቅ ማኅሌት ላይ ከበሮ አንጠልጥሎ የሚቆም ሰው ጉባኤውን ያፈርሳል እንጂ አያደምቅም። ሊቃውንቱ የከበሮውን ሁለት አፍ፣ ጠፍሩን ሳይቀር ምሥጢር እየሰጡ ይተረጉሙታል። ታዲያ ለአንድ መሣሪያ ይህን ያህል ዓመትና ይህን ያህል ትርጓሜ የሰጠ ሕዝብ ልጅ «ከበሮ ደግሞ ምን ትምህርት አለው?» ሲል መስማት አያሳፍርም?

በቤተ መንግሥቱም በኩል ብትሄዱ ያው ነው። የሹም ክብሩ በፊቱ በሚመታው ነጋሪት ይታወቅ ነበር። አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት ተጎስሞ ነው። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕጋችን የሚታወጅበት ጋዜጣ ስሙ «ነጋሪት ጋዜጣ» ነው። ሕጉን በከበሮ ስም የሰየመ አገር፣ ከበሮ መቺውን ይንቃል!

ሁለተኛዎቹ ይልቅ የባሱ ናቸው፤ አመስጋኝ መስለው ይመጣሉና። «የእኛ ሰው ምት በደሙ ነው፤ ፈረንጅ ምን ሊያስተምረው?» ይላሉ። ወንድሜም እንዲህ ያስብ ነበር። ስምንት ዓመት በምሽት ክበብ ተጫውቶ፣ ስሙን ያተረፈ ነኝ ብሎ ነው የሄደው። ትምህርት ቤቱ ከጀማሪዎቹ ክፍል መደበው። አጠገቡ የተቀመጡት የ17 እና የ18 ዓመት ልጆች ነበሩ።

መምህሩ ለአምስት ደቂቃ ያህል ሲጫወት ካዩት በኋላ ድራሙን አስነሥተው ከአንድ የመለማመጃ ጎማ ፊት አስቀመጡት። «ስቲኩን አንተ አትግፋው፤ ራሱ ይንጠር» አሉት። ለሳምንታት ሥራው ይኸው ሆነ። አሜሪካዊው ጆርጅ ሎውረንስ ስቶን እ.ኤ.አ. በ1935 ያሳተሙት «ስቲክ ኮንትሮል» የሚባል መጽሐፍ አለ። የመጀመሪያው ገጽ ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ፤ ቀኝ ቀኝ፣ ግራ ግራ የሚል ብቻ ነው። እያንዳንዱ መስመር 20 ጊዜ ይደገማል። ሀ ሁ ሂ ማለት ነው። የእኛ የኔታ ፊደል ሲያስቆጥሩ ከሚያደርጉት በምን ይለያል? ከዚያ መሠረታዊዎቹ ምቶች ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 የዓለም አቀፉ የምት መሣሪያ ተጫዋቾች ማኅበር 40 አድርጎ አጽድቋቸዋል። ተማሪው እነዚህን በዝግታ፣ በደቂቃ 60 በሚቆጥር ሜትሮኖም ይለማመዳል። ፈጥኖ መምታት ቀላል ነው፤ በዝግታ መምታት ግን ገመናን ያወጣል። በሁለቱ ምቶች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሰፊ ነውና የሚዋዥቅ እጅ መደበቂያ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ላንሣ። አለን ዶውሰን እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ቦስተን በሚገኘው በርክሊ ለ18 ዓመታት ያህል ድራም ያስተማሩ ናቸው። በ17 ዓመቱ ከማይልስ ዴቪስ ጋር መጫወት የጀመረው ቶኒ ዊሊያምስ በልጅነቱ የተማረው ከእሳቸው ነው። ዶውሰን ተማሪውን እጁ እየመታ አፉ ዜማውን እንዲያዜም ያስገድዱት ነበር። ዜማውን ካላወቅህ ምትህ ጩኸት ነው ማለታቸው ነው። ይህን ስሰማ የበአታ መምህራን ትዝ አሉኝ። ቦስተንና ጎንደር ሳይተዋወቁ በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ከበሮ የሚመታው በጆሮና በትዝታ ነው፣ እጅ ተላላኪ ነው።

ወደ «ደም» ልመለስ። አንድ ቀን መምህሩ ወንድሜን «የአገርህን ምት አሰማን» አሉት። ደስ አለው። ችክችካ መታላቸው። ክፍሉ አጨበጨበ። መምህሩ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቁት፤ «አንዱ የታለ?» ስድስቱ ፈጣን ምቶች ለሁለት ሦስት ሦስት ይከፈላሉ፤ ለሦስት ሁለት ሁለትም ይከፈላሉ። አንድ ተብሎ የሚጀመረው ከየትኛው ላይ ነው? ወንድሜ እንደገና መታው። «መታኸው፤ የጠየቅሁህ ግን የት እንደሚጀምር ነው» አሉት። በሺሕ ሌሊት የመታውን ምት መነሻውን መናገር አቃተው። «ያን ሌሊት አልተኛሁም» ብሎ በስልክ ሲነግረኝ ድምፁ የሰውየው አልነበረም።

ሦስት ቀን ፈጅቶ በኖታ ጻፈው። ጃፓናዊና ብራዚላዊ የክፍል ጓደኞቹ ከወረቀቱ እያነበቡ መቱት። ቁጥሩ ልክ ነበር፤ ነገር ግን የሚያስጨፍር አልነበረም። አንድ ዘንበል የሚል ነገር ጎደለው። «ይኸው፣ ደም ያልነው ይኼ ነው!» የምትሉኝ ይኖራላችሁ። አይደለም። ወንድሜ ያን ዘንበል የሚል ነገር ያገኘው ገና በአንቀልባ ሳለ በሰርግ ቤት ጭብጨባ፣ በቡሄ፣ በጥምቀት ነው። ተምሮታል! መምህሩ ስም ስለሌለውና ደመወዝ ስላልተከፈለው ትምህርት መሆኑን ክደን ደም ብለን ጠራነው። ወረቀቱ ግማሹን ይይዛል፣ ሰርግ ቤቱ ግማሹን። ሁለቱንም የያዘ ሰው ነው ለሌላው ማስተማር የሚችለው። በደም ነው ያልነው ነገር ግን ማንንም ማስተማር አይቻልም፤ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ሦስተኛዎቹ ተቃዋሚዎች የገንዘቡን ነገር የሚያነሡ ናቸው። እነዚህን አከብራቸዋለሁ። በርክሊን በመሰለ ትምህርት ቤት የአንድ ዓመት ክፍያ ብቻ ከ40 ሺሕ ዶላር በላይ ነው። የወንድሜ ትምህርት ቤት ሌላ፣ ኮርሱም አጭር ነበር፤ ከክፍያውም ግማሹን ማሩት። ቀሪው ግማሽ ግን ዋሽንግተን ያለችው አክስታችን በአዛውንቶች መጦሪያ ሌሊት እየቆመች ያገኘችው ነው። ክፍለ ሀገር አንዲት ትንሽ ቤት ይሠራ ነበር። ይህን አልደብቅም።

ስለዚህ ለወጣቶቹ የምለው አለኝ፤ ለወረቀት ብላችሁ የእናታችሁን ቤት አታሽጡ። መድረክ ላይ ዲፕሎማ የሚጠይቅ የለም፤ አራት ተቆጥሮ ይጀመራል፣ ከዚያ በኋላ የሚመሰክርላችሁ እጃችሁ ነው። የምትሄዱ ከሆነ እዚህ የማታገኙትን ፈልጋችሁ ሂዱ፤ በየቀኑ የሚያርም መምህር፣ ከእናንተ የሚበልጥ የክፍል ጓደኛ፣ ሌላ ሥራ ሳይጠራችሁ ስምንት ሰዓት የምትለማመዱበት ክፍል። ሙላቱ አስታጥቄ ዌልስ የተላኩት ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ሙዚቃ ይሻለኛል ብለው ለንደን ትሪኒቲ፣ ከዚያም ቦስተን በርክሊ ገቡ። ያመጡትን እ.ኤ.አ. በ1972 ከወጣው «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» አልበማቸው ስሙት። ያው በርክሊ በ2012 የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። እሳቸው የሄዱት ወረቀት ፍለጋ አልነበረም፤ ወረቀቱ ነው ከ50 ዓመት በኋላ ተከትሏቸው የመጣው።

አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው፤ ልክሰስ። ልጆቻችን ለምን ባሕር ይሻገራሉ? መንግሥት ለሙዚቃ መምህር ገንዘብ ማውጣት ነውር ያልሆነበት ዘመን ነበረን። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም 40 የአርመን ልጆችን ከነመምህራቸው አምጥተው የነሐስ ባንድ አቋቁመዋል። ከዚያ ክቡር ዘበኛው፣ ፖሊሱ፣ ምድር ጦሩ ለድራመር ትምህርት ቤት ሆነ። ቀጥሎ በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ መጥቶ የሌሊቱን መድረክ ገደለው። እላፊው ሲነሣ ደግሞ ኪቦርዱ ቀድሞ ገብቶ ተቀምጦ ነበር። አንድ ሰው ቁልፍ ተጭኖ ድራሙንም ቤዙንም ነፋሹንም ያሰማል። እራት አይጠይቅ፣ የታክሲ አይጠይቅ!

ወንድሜ ተመልሶ ሥራ የጠየቀበት የአንድ ሆቴል ኃላፊ ያሉትም ይህንኑ ነው፤ «ኪቦርዱ ድራም አለው እኮ።» አዎ፣ አለው። ነገር ግን ያ መሣሪያ የእስክስታ ወራጇን ትከሻ አያይም። እሷ ስትነድ አይነድም፣ ስትበርድ አይበርድም። ዘፋኙ ትንፋሹን ሲስብ አይጠብቀውም። ከበሮ መቺ የሚከፈለው ለመምታቱ ብቻ አይደለም፤ ለማየቱም፣ ለመስማቱም ነው።

አማራጭ ሲያጣ አንድ ክፍል ተከራይቶ ልጆች ማስተማር ጀመረ። አከራዩ ጩኸቱን ሰምተው የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጡት። ተስፋ አልቆረጠም። ከጎሚስታ ቤት ያረጀ ጎማ እየገዛ፣ እየቆረጠ በጣውላ ላይ ለጠፈው። አሁን ስድስት ልጆች በዚያ ላይ ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ ይላሉ። ድምፁ ከጎረቤት አይደርስም። የአንዷ ልጅ እናት መጥተው «ይኼ ለፈተና ይጠቅማል?» ብለው ጠየቁት። «ለመቁጠር ይጠቅማል» አላቸው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሆቴል ባለቤቶች፣ በሳምንት አንድ ሌሊት ኪቦርዱን አሳርፉና ሰው ቅጠሩ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከተቋቋመ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ እንዲህ ተምረው የሚመለሱትን ልጆች ቢያንስ ጠርታችሁ ስሟቸው። የአቋቋም መምህራን፣ የእናንተ ትምህርትና የእነሱ ትምህርት በአንድ ጠረጴዛ ቢገናኝ የሚጎዳ የለም።

ለአጎታችን ግን የተለየ ግብዣ አለኝ። ጋሼ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወደዚያች ክፍል ይምጡ። ሁለቱን ስቲክ እንሰጥዎታለን። ሜትሮኖሙ በ60 ይቆጥራል፤ አንዲት ደቂቃ ብቻ ሳይቀድሙት፣ ሳይቀድምዎትም፣ ቀኝ ግራ ይምቱ። ከቻሉ ያን ቀን የሳቅነው ሁሉ ትክክል ነበርን ብዬ በዚሁ መጽሔት እጽፋለሁ። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ 20 ሰከንድ አልሞላሁም።