መሠዊያውን እንጂ ቤቱን አንተው

የንባብ ክፍል፦ 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥23–33፤ ማርቆስ 7፥9–13



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የዓረብ አገር ከተማ ያሉ ኢትዮጵያውያን አማኞች ለአገልግሎት ጋብዘውኝ ነበር። በዚያ ጉባኤ የሚሆነው ዓርብ ነው። ከፕሮግራሙ በኋላ አንዲት እኅት የሥራ ባልደረባዋን ይዛ መጣች። ወጣቱ ኔፓላዊ ነው፤ ጌታን ከተቀበለ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሁለቱ በሥራ ቦታ በሚግባቡበት ዓረብኛ እርሷ እያስተረጎመች ተነጋገርን።

“ፓስተር፣ ለደሻይን በዓል አገሬ ልገባ ነው። አባቴ አርጅቷል። ግንባሬ ላይ ቲካ ሊያደርግልኝ እጁን ሲዘረጋ ምን ላድርግ?” አለኝ።

እኔም በዓሉ ምን እንደሆነ በቅጡ ሳልጠይቅ፣ “የጣዖት ነገር ከሆነ አትቀበል” አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ጥቂት ዝም ብሎ፣ “እሺ፣ አልቀበልም። ታዲያ ለአባቴ ምን ላድርግለት?” ሲል ጠየቀኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጸለይኩለትና ተለያየን። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አልተለየኝም።

ደሻይን የኔፓል ትልቁ በዓል ነው። ዘንድሮም እንደ ወትሮው በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ለ15 ቀናት ይከበራል። ዱርጋ የተባለችው አምላክ ማሂሻሱር የተባለውን ጋኔን ድል የነሣችበት መታሰቢያ እንደሆነ ይታመናል። በመጀመሪያው ቀን በቤቱ የአምልኮ ስፍራ ገብስ ይዘራል። ብርሃን በማያገኝበት ስለሚበቅል ቡቃያው ቢጫ ይሆናል፤ “ጀማራ” ይሉታል። በስምንተኛውና በዘጠነኛው ቀን ፍየል፣ በግ፣ ጎሽና ዶሮ ለዱርጋ ይሠዋል። በአሥረኛው ቀን ሽማግሌዎች ሩዝ፣ እርጎና ቀይ ዱቄት ለውሰው በታናናሾቻቸው ግንባር ላይ ያደርጋሉ። ቲካ ማለት ይህ ነው። ጀማራውን በራሳቸው ላይ አኑረው ይመርቋቸዋል፤ ገንዘብም ይሰጧቸዋል።

በዓሉ ይህ ብቻ አይደለም። ካትማንዱ ጭር እስክትል ሕዝቡ ወደ ትውልድ መንደሩ ይጎርፋል። ልጆች ከቀርከሃ በተሠራ ረጅም ዥዋዥዌ ይጫወታሉ፤ ሰማዩ በካይት ይሞላል። በባሕር ማዶ የሚሠራው ልጅ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ይዞ የሚገባው ለዚህ ቀን ነው።

ታዲያ ቲካ ባህል ነው ወይስ አምልኮ? አንዳንዶች፣ “የወላጅ ምርቃት ነው፤ ምን ክፋት አለው?” ይላሉ። አብዛኞቹ የኔፓል አብያተ ክርስቲያናት ግን ምእመኖቻቸው እንዳይቀበሉ ያስተምራሉ። እኔም በዚህ ከእነርሱ ጋር ነኝ። ቲካውና ጀማራው ከዱርጋ አምልኮ የመጡ፣ የእርሷ በረከት ተብለው የሚሰጡ ናቸው።  ጳውሎስ ከጌታ ማዕድና ከአጋንንት ማዕድ በአንድነት መካፈል እንደማይቻል ለቆሮንቶስ ሰዎች በግልጽ ጽፏል። የመጀመሪያው መልሴ ስሕተት አልነበረም። ጎዶሎ ግን ነበር።

ለምን ጎዶሎ እንደነበር የገባኝ አንድ ነገር ከሰማሁ በኋላ ነው። በኔፓል ሂንዱዎች ዘንድ ቤተሰብ የሞተበት ሰው በሐዘኑ ጊዜ የደሻይን ቲካ አይቀበልም። ስለዚህ በዚያ ቀን ባዶ ግንባር የሐዘን ምልክት ነው። ልጁ ቲካውን እንቢ ሲል እኛ “በእምነቱ ጸና” እንላለን። አባቱ ግን የሚያየው፣ “አንተ ለእኔ ሞተሃል” የሚል ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገው ቆጠራ ክርስቲያኖች ከአገሪቱ ሕዝብ 2 በመቶ አይሞሉም። በብዙ ቤት አማኙ ብቻውን ነው፤ ከጎኑ ቆሞ የሚያስረዳለት የለም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን ወንጌልን ቀድመው የተቀበሉ ብዙዎች ከእድር ተገልለዋል፤ መቀበሪያም ተከልክለዋል። ወላጅ በሕይወት ያለ ልጁን እንደ ሙት የቆጠረበት ጊዜ ነበር። ያንን ዋጋ የከፈሉትን እናከብራቸዋለን። ነገር ግን ሐቁን እንነጋገር፤ ከመካከላችን ስለ ጌታ ስም ሳይሆን ስለ ገዛ ጠባያችን ከቤተሰብ የተጣላን የለንም? የእናታችንን ድግስ እያንቋሸሽን ወጥተን “ተሰደድን” ብለን የመሰከርን የለንም?

ጌታ ኢየሱስ በማርቆስ 7 ላይ የገሠጻቸውን ሰዎች አስቡ። ወላጆቻቸውን ሊረዱበት የሚገባውን “ቁርባን ነው፤ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ” ይሉ ነበር። አባትን አለማክበር በእግዚአብሔር ስም ሲሸፈን ጌታ ዝም አላለም። እኔ ለዚያ ወንድም የሰጠሁት መልስ ከዚህ ቁርባን ብዙም አይርቅም። ለእግዚአብሔር የሚገባውን ነገርኩት፤ ለአባቱ የሚገባውን ግን ነሣሁት።

ሙሴ የምድያም ካህን የሆነው አማቱ ዮቶር ሲመጣ ሊቀበለው ወጥቶ ሰገደለት፣ ሳመውም (ዘጸአት 18፥7)። ለምድያም አማልክት አልሰገደም፤ ለሽማግሌው ግን አክብሮቱን አልነፈገም። ኔፓላውያንም በወላጆቻቸው እግር ላይ ጎንበስ ብለው አክብሮታቸውን ይገልጣሉ። ይህ እኛ የአባቶቻችንን ጉልበት እንደምንስመው ነው። ግንባሩን ለቲካ ያልሰጠ ልጅ ወገቡን ለአባቱ አክብሮት ማጉበጥ ይችላል።

ስለ ሥጋውም ጳውሎስ የሰጠው ምክር ሚዛናዊ ነው። ማንም ቢጠራህና ልትሄድ ብትወድ፣ የቀረበልህን ሳትመራመር ብላ ይላል፤ ለጣዖት የተሠዋ ነው ካለህ ግን ስለ ነገረህ ሰው ስትል ተው። ልብ በሉ፤ ጳውሎስ ለአማኙ የሚያሳስበው ምን እንደሚበላ ብቻ አይደለም። ገበታውን ያቀረበውን ሰውም ያስባል።

ከደሻይን በኋላ ቲሃር የሚባል የ5 ቀን በዓል ይመጣል። በአንዱ ቀን ለውሻ እንኳ የአበባ ጉንጉን በአንገቱ አድርገው መልካም ምግብ ያበሉታል። በመጨረሻው ቀን እኅቶች ለወንድሞቻቸው ረጅም ዕድሜ እየተመኙ ቲካ ያደርጉላቸዋል፤ ወንድሞችም ስጦታ ይሰጣሉ። በበዓሉ ያለውን አምልኮ አንቀበልም። ነገር ግን እኛ፣ “እርስ በርስ ተዋደዱ” ብለን የምንሰብክ፣ ለእኅታችን ፍቅራችንን የምንገልጥበት ቀን አለን? “አትሂድ” ብቻ የምትል ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን በበዓል ቀን ወላጅ አልባ ታደርጋቸዋለች።

እምነትን ገና እየፈለጋችሁ ይህን የምታነብቡ ወዳጆቼ፣ ክርስቶስን መከተል ቤተሰብን መጥላት የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ምናልባት እንደ እኔ ባለ ችኩል አገልጋይ ምክንያት ይሆናል። ጌታ ከሁሉ በላይ ሊወደድ ይገባዋል። እርሱ ግን በመስቀል ላይ ሆኖ እንኳ እናቱን ለደቀ መዝሙሩ አደራ የሰጠ ጌታ ነው።

ያንን ወንድም ዳግመኛ አላገኘሁትም። ባገኘው እንዲህ እለዋለሁ፦ በበዓሉ ቀን፣ በዘመድ ፊት አባትህን አታሳፍረው። ቀደም ብለህ ግባ፤ ብቻውን አግኝተህ፣ እጁን ይዘህ፣ ለምን እንደማትቀበል በእንባ ንገረው። ቢቆጣም ስማው። በእግሩ ላይ ጎንበስ በል። ጣራው የሚያፈስ ከሆነ ጠግን፤ መድኃኒቱን ግዛ። እንግዶቹ ሲሄዱ አንተ ቆይ። ግንባርህ ባዶ ሲሆን እጅህ ባዶ አይሁን፤ ያን ጊዜ አባትህ ልጁ እንዳልሞተ ያያል።

ጌታ ሆይ፣ እውነትህን ሳንሸጥ ወላጆቻችንን እንድናከብር ጸጋህን አብዛልን። ስለ ስምህ በቤታቸው ብቻቸውን የቆሙትን አጽና። አሜን።