ያገለገለ ሱፐርሞቶ፦ ማስታወቂያው የማይነግራችሁ

የዚህ ወር ጨዋታችን ከቤት ኪራይና ከትምህርት ቤት ክፍያ ወጣ ብሎ ሁለት ጎማ ላይ ይወጣል። ምክንያቱ ታናሽ ወንድሜ ነው። ሐዋሳ ይሠራል፤ ሥራው ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ስለሚያመላልሰው ሞተር ሳይክል የመግዛት ሐሳብ ገብቶታል። ሰሞኑን የአንድ ያገለገለ ሱፐርሞቶ ማስታወቂያ ላከልኝና «እስኪ እዪልኝ» አለኝ።

እኔ ደግሞ በማርኬቲንግ ሙያ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ማስታወቂያ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምፈልገው ያልተጻፈውን ነው። ይህኛው «ንጹሕ፣ ብዙ ያልሄደ፣ ምንም ወጪ የማይፈልግ፣ አይቶ መውሰድ ብቻ» ይላል። ስለ ሊብሬው፣ ስለ ጎማው ዕድሜ፣ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ ሻጩ ለምን እንደሚሸጠው ግን አንድም ቃል የለም። ያገለገለ ዕቃ ገዢ ገንዘቡ የሚፈሰው እዚህ ዝምታ ውስጥ ነው።

ሱፐርሞቶ ምንድን ነው?

ባጭሩ የገጠር መንገድ ሞተር ሳይክል የከተማ ጫማ ሲጫማ ማለት ነው። ቁመቱ፣ ቅለቱና ረጅም አሞርዛተሩ ለኮረኮንች የተሠራ ነው፤ ጎማዎቹ ግን 17 ኢንች ቸርኬ ላይ የተገጠሙ ሰፋፊ የአስፋልት ጎማዎች ናቸው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ውስጥ፣ ኤቢሲ ቴሌቪዥን ያሳየው በነበረ ውድድር ነው። የተለያየ የውድድር ዘርፍ ጀግኖችን አስፋልትና አፈር በተቀላቀለበት መንገድ ላይ አሰልፎ «ከሁሉም ማን ይበልጣል?» የሚል ነበር። በኋላ አውሮፓውያን፣ በተለይ ፈረንሳዮች፣ ወደዱት፤ አምራቾችም ለመንገድ የሚሆኑትን መሥራት ጀመሩ።

ለከተማችን መንገድ ሲታሰብ ነገሩ ያጓጓል። ጉድጓዱንና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታውን በቀላሉ ያልፋል፤ ነጂው ቀና ብሎ ስለሚቀመጥ ከፊቱ ያሉትን መኪኖች አሻግሮ ያያል፤ ጠባብ ስለሆነም በቀላሉ ይታጠፋል። ሌላው ገጽታውስ? በጣም የታወቀውን ሱዙኪ ዲአር-ዚ 400 ኤስኤም ብንወስድ፣ መቀመጫው ከመሬት 890 ሚሊሜትር ይርቃል። ቁመቱ አጠር ያለ ሰው መብራት ላይ ሲቆም በጣቱ ጫፍ ነው መሬት የሚነካው። ነዳጅ የሚይዘው 10 ሊትር ገደማ ነው። መቀመጫው ጠባብና ደረቅ ነው፤ የገበያ ዘንቢል የሚቀመጥበት ቦታም የለውም።

ከሁሉ በፊት ወረቀቱ

አዲስ አበባ የምትኖሩ፣ የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ የጣለውን ገደብ ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ የእናንተ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ሲሲ ነው?» ሳይሆን «በግሌ እንድነዳው ይፈቀድልኛል ወይ?» መሆን አለበት። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የከተማችሁን ትራንስፖርት ቢሮ በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ። የደላላ «ችግር የለውም» ፈቃድ አይደለም።

ቀጥሎ ሊብሬውን ያዙና በላዩ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ከመሰለ ንግግሩ እዚያው ያብቃ። ሞተር ሳይክሉ ከኤምባሲ ወይም ከእርዳታ ድርጅት የወጣ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ጠይቁ፤ በነጻ የገባ ንብረት ወደ ግለሰብ ሲዞር የቀረጥ ጥያቄ ይከተለዋል። ቦሎውንም እዩ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ የታዘዘ ግዴታ ስለሆነ በስማችሁ የምታዞሩበትን ቀን ከወዲሁ አስቡ።

ዓይን፣ እጅና ጆሮ

ለሻጩ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉና «እባክህ ሳታስነሳው ጠብቀኝ» በሉት። ስትደርሱ ሞተሩን በጥንቃቄ በእጃችሁ ዳስሱት፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ በቀዝቃዛው ሲነሳ እንዲታይ ያልተፈለገ ነገር ሊኖር ይችላል። ከተነሳ በኋላ የማያቋርጥ ሰማያዊ ጭስ ካያችሁ ዘይት እየበላ ነው። መሪውን ከግራ ወደ ቀኝ አዙሩት፤ መሐል ላይ ቆርቆር የሚል ከሆነ ኩሺኔታው ተበልቷል። የፊት አሞርዛተሩ ላይ ዘይት ከወረደ ጎሚኒው አልቋል። ካቴናውንና ጥርሶቹን፣ የቸርኬውን ሽቦዎች፣ የፍሬን ሸራውን እዩ።

ሱፐርሞቶ ላይ የሚጨመር አንድ ጥያቄ አለ፤ «የመንገድ ነው ወይስ የውድድር?» የውድድሮቹ የጥገና ጊዜ የሚቆጠረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው፤ ዘይታቸውም ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ለዕለት ተዕለት ምልልስ የሚገዛ ሰው የመንገዱን ይምረጥ።

የአገራችን ከፍታም አይረሳ። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተር ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ካርቡሬተር ያለው ከሆነ ለከፍታው ካልተስተካከለ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል። ሜካኒኩ ካንዴላውን ፈትቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

የእናታችን ጥያቄ

እናታችን የወንድሜን ሐሳብ የሰማች ዕለት «እኔ በሕይወት እያለሁ አይደረግም!» አለች። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ግን ረጋ ብላ «እሺ፣ ዝናብ ሲሆንስ?» ብላ ጠየቀች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ ሰሞን ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነበር። የሱፐርሞቶ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ ይይዛል፤ ለስላሳ ስለሆነ ግን ቶሎ ያልቃል፤ ያረጀ ጎማ ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም ይደርቃል። የክረምት የመጀመሪያ ካፊያ፣ የዘይት ጠብታ፣ የዜብራ ቀለምና እርጥብ ኮብልስቶን ባንድ ላይ ሲገናኙ ይህ ቀልድ አይደለም።

የጎማውን ዕድሜ ለማወቅ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ፈልጉ። 2319 የሚል ከሆነ በአውሮፓውያኑ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ወንድሜ ይህን ቁጥር ፎቶ አንስቶ እንዲልክለት ሻጩን ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ሻጩ «ጎማው አዲስ ነው» ከማለት በስተቀር ፎቶውን አልላከም። ወንድሜም ተወው፤ አሁን ሌላ እያፈላለገ ነው።

ከእናታችን ጋርም ክርክሩን ትቶ ውል ገባ፤ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከኋላ ሰው አይጭንም፣ ሲዘንብ ቆሞ ያሳልፋል፣ ሄልሜት ሳያስር ቁልፍ አያዞርም። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ውል ይኑር። ልጅ ካላችሁ ደግሞ እግሩ መርገጫውን በደንብ የማይደርስ ልጅ ከኋላ አይቀመጥ። «እስከ ሰፈር ብቻ» የሚባል ነገርም አይኑር።

ዋጋው ስንት ነው?

ቢዝነስ ስንማር «ጠቅላላ የባለቤትነት ወጪ» የሚባል ነገር ነበር። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ የዕቃው ዋጋ ሻጩ የሚጠራው ሳይሆን ዕቃው ቤታችሁ እስካለ ድረስ የሚያስወጣችሁ ሁሉ ነው። የእኔ ልማድ ካለኝ ገንዘብ ሦስት አራተኛውን ብቻ ለግዢው መመደብ ነው። ለምሳሌ በእጃችሁ 400,000 ብር ካለ፣ ፍለጋችሁ ከ300,000 ብር አይለፍ። ቀሪው ለስም ማዛወሪያ፣ ለመድን፣ ለጎማ፣ ለካቴና፣ ለዘይትና ለሄልሜት ነው። መለዋወጫው አገር ውስጥ ይገኝ እንደሆነ ጋራዥ ጠይቁ፤ እያንዳንዱ ዕቃ ከውጭ በሰው እጅ የሚመጣ ከሆነ ሞተር ሳይክሉ ብዙ ወር ግቢ ውስጥ ቆሞ ይከርማል።

ሄልሜት ላይ አትደራደሩ። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ግምገማ፣ ሄልሜት አደጋ በደረሰበት ነጂ ላይ የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ያገለገለ ሞተር ሳይክል ግዙ፤ ያገለገለ ሄልሜት ግን አትግዙ። አንዴ የተመታ ሄልሜት ከላይ ደህና ቢመስልም ውስጡ ሥራውን ጨርሶ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ ደምራችሁ ገንዘቡ የሚመጣው ለክፉ ቀን ካስቀመጣችሁት ከሆነ ግዢውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ገንዘቡ ካለ፣ ወረቀቱ ከጸዳ፣ ቤተሰቡም ከተስማማ ግን ሱፐርሞቶ ለከተማ ምልልስ ደስ የሚል መጓጓዣ ነው። ማስታወቂያውን አንብቡ፤ ከዚያ ያልተጻፈውን በወረቀት ጻፉና ለሻጩ አንድ በአንድ ጠይቁት። በደስታ የሚመልስ ሻጭ ካገኛችሁ ከግማሽ በላይ መንገዱን ሄዳችኋል።