ሽለላ ከአሜሪካ አልመጣም

ሰሞኑን ታትሞ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ዛምቢያውያን ሮክን የራሳቸው ሲያደርጉት የአዲስ አበባ ባንዶች ግን ፈረንጅ ቀድተው ቀሩ፣ ከጎጃም፣ ከብቸናና ከሞጣ ሰው ጋርም አይገናኙም ይላል።

ዛምቢያ እ.ኤ.አ. በ1964 ነፃ ወጣች፤ እነ «ዊች» ባንድም ጊታራቸውን አነሱ። ጥሩ። ግን እነሱ ከአሜሪካዊው ጊታሪስት ከሄንድሪክስ ሲወስዱ ፈጠራ፣ የእኛዎቹ ሲወስዱ ቅጂ የሚሆነው በየትኛው ሚዛን ነው?

ድምፃዊው ዓለማየሁ እሸቴ በወጣትነቱ ኤልቪስን መስሏል፤ ይሁን። ጌታቸው መኩሪያስ? በሳክስፎን የነፋው ሽለላ፣ የጀግና የጦር ዜማ ነው። ሽለላን ለብቸና ሰው እንደ ባዕድ ነገር ማስተዋወቅማ ለዓባይ ውኃ መቅዳት ነው፤ በላይ ዘለቀ ጣሊያንን የተዋጋበት አገር እኮ ነው! አዝማሪ በማሲንቆ የሚጫወታቸው ትዝታና አንቺሆዬም፣ አሳታሚው አምሓ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የሀገር ፍቅር ቲያትርን የብቸኝነት መብት ተጋፍቶ ባሳተማቸው ሸክላዎች ዘመን በኦርጋንና በትራምፔት ታጅበው ተሰሙ።

ሸክላ ማጫወቻ በየገበሬው ቤት አልነበረም፤ እሱ የኪስ ጉዳይ ነው። የገበሬውን ባዶ ኪስ የዜማው ባዕድነት ማስረጃ ማድረግ ግን ነውር ነው። ጸሐፊው ዳግመኛ ከመፍረዱ በፊት የጌታቸውን ሳክስፎን ከአንድ የሞጣ ሸላይ ድምፅ ጋር አስተያይቶ ያዳምጥ።