ስለ አረጁ የእሽቅድምድም ፈረሶች

ፈርዲናንድ የተባለው ፈረስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. በአሜሪካ የኬንታኪን ደርቢ አሸንፎ ጌቶቹን አስከብሮ ነበር። በ1994 ለዘር ወደ ጃፓን ተሸጠ። ዘሩ ባልተፈለገ ጊዜ ግን፥ የት እንደ ገባ ለጠየቁ ሰዎች መጀመሪያ ለወዳጅ ተሰጥቷል ተባለ፤ ኋላ በ2002 ለመታረድ እንደ ተላከ ተሰማ።

በአሜሪካም የፈረስ ማረጃዎቹ በ2007 ቢዘጉ፥ ነጋዴዎች ወደ ካናዳና ወደ ሜክሲኮ እየጫኑ ማሻገራቸውን አልተዉም። ነጋዴስ ንግዱን አልሸሸገም፤ ከርሱ የሚከፋው፥ በመስኬ አኖረዋለሁ ብሎ ፈረሱን በነጻ ተቀብሎ በሳምንቱ በሚዛን የሚሸጠው ነው። ሰጪውስ ወረቀት ሳይዝ በምን ይከሰዋል? ስለዚህ ፈረሱን የሚሰጥ ሰው ስፍራውን በዓይኑ ይመልከት፤ ተቀባዩም ለሌላ እንዳይሸጥ፥ ማኖር ቢያቅተው ለሰጪው እንዲመልስ የሚያስገድድ ውል ፈረሱ ከበረት ሳይወጣ ይፈርም።